ከኋላህ ነኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ምንም አልተፈጠረም። ሸሚዝ፣ ሸሚዝ፣ ሸሚዝ። ላውንደሪያችን ልብስ የሚያሳጥበው ያ ቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ነጭ ሸሚዝ ነው የሚለብሰው መሰለኝ፣ ቢተኮስ ቢተኮስ አያልቅም። መጀመሪያ ኮሌታ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ የእጅጌው ጫፍ፣ እጅጌው፣ ፊቱ፣ መጨረሻ ጀርባው። አሁንስ ዓይኔን ጨፍኜም እተኩሳለሁ።

ምሳ ሰዓት ከማድረቂያዎቹ ጀርባ ሄጄ ስልኬ ላይ ጌሙን ከፈትኩ። ወንድሜ ገብቷል። ስሙ አጠገብ አረንጓዴዋ ነጥብ በርታ ሳያት እንዴት ደስ እንደሚለኝ... ሞኝ ነኝ መሰለኝ። እሱ ሰው አገር ነው፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሳል። የሱ እረፍትና የኔ ምሳ አንድ ላይ ይውላል፣ እግዜር ይስጠው ላገጣጠመው።

እሱ ጋሻ የያዘውን ሰውዬ ነው የሚጫወተው፣ ከፊት ከፊት ይሄዳል። እኔ ሐኪሟን ነኝ። ሐኪሟ አትገድልም፣ ከኋላ እየተከተለች የቆሰለውን አረንጓዴ ብርሃን ትረጨዋለች፣ ይድናል። በቃ ለኔ የተሠራች። "የት ነሽ እታለም?" ይለኛል። "ከኋላህ ነኝ" እለዋለሁ። ጨዋታው አምስት ለአምስት ውጊያ ነው። እኛ ግን ትንሽ ተዋግተን ድልድዩ ስር እንገባለን። ወንዝ አለ፣ ሸምበቆ አለ፣ ማንም አይመጣም። እዚያ ቆመን በጌሙ ማይክ እናወራለን። ሌሎቹ ሦስቱ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ በጽሑፍ ይሰድቡናል። እኔ ደግሞ ቶሎ አላነብም፣ ስድቡን አንብቤ ሳልጨርስ ጨዋታው ያልቃል።

ዛሬም ተሸነፍን። እንዴት እንደሳቅን!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ትናንት ማታ ወንድሜ በስልክ ደወለ። ስልክ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። አንተስ? ደህና። ሥራ? ደህና። ከዚያ ዝም። አብሬያት የምኖረው አክስቴ ስልኩን ነጠቀችኝና "ከሳህ ወይስ ወፈርክ?" አለችው፣ "እዚያው ነኝ" አላት፣ ሰላም በሉልኝ ተባባሉ፣ አለቀ።

ዛሬ ድልድዩ ስር ቆመን ግን ሳልጠይቀው "ወገቤን ያመኛል" አለኝ። "ምን ሆነህ?" "ካርቶኑ ነዋ። ጠዋት ጠዋት ቀና ማለት ያቅተኛል። ለአክስቴ እንዳትነግሪ።" አልነግራትም አልኩት። አረንጓዴውን ብርሃን ረጨሁበት። ምንም ሳይቆስል። ሳቀ። "አሁን ሻል አለኝ" አለ።

ለምንድነው ስልክ ላይ የማይነግረኝ? እኔስ ለምንድነው ስልክ ላይ የማልጠይቀው? እንጃ። እዚያ እጃችን ሥራ ይዟል፣ ዓይናችን ወንዙ ላይ ነው፣ ወሬው ራሱ ይመጣል...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

አዲስ ነገር መጣ። የደረጃ ጨዋታ የሚሉት። ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ እያለ ይወጣል። ወንድሜ በጣም ወዶታል። "ወርቅ እንገባለን" አለኝ። አብረውት የሚያድሩ ሦስት ልጆች አሉ፣ እነሱም ይጫወታሉ፣ አምስተኛዋ አንቺ ነሽ አለኝ።

"እኔ አልችልም እኮ።"

"ትችያለሽ! አንቺ ከኋላዬ ብቻ ሁኚ።"

ድልድዩስ? አልኩት። "ደረጃ ላይ ድልድይ ምናምን የለም፣ ቆመሽ ከተገኘሽ ይቀጡሻል።" እንዲህ ሲል ድምፁ የደስ ደስ ነበረው። ሰው አገር ከሄደ እንዲህ ሲደሰት ሰምቼው አላውቅም። እሺ አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ምንም አልሆንኩም እኮ፣ ጌም ነው!

ከሦስቱ አንዱ ስሙን "አለቃ" ብሎ ነው የሚጫወተው። እውነትም አለቃ። ማይክ ከፍቶ ይጮሃል። ጽሑፍ ቢሆን ቀስ ብዬ ነበር የማነበው፣ ድምፅ ግን ጆሮ ውስጥ ነው የሚገባው። "አንቺ ሐኪም! ተኝተሻል? ኧረ እዚህ! እዚህ! ግራ! ሻይ እያፈላሽ ነው እንዴ?" እኔ ግራና ቀኝ እንኳ ሲጮሁብኝ ይጠፋብኛል። በትምህርት ቤትም እንደዚያ ነበርኩ፣ መምህሩ ስሜን ሲጠራ የማውቀውም ይጠፋኝ ነበር። በዚያው አይደል የተውኩት።

ሞትኩ። ደረጃ ላይ ስትሞቺ ስልኩ ግራጫ ይሆንና ቆመሽ ታያለሽ። ጨዋታው እየረዘመ ሲሄድ መሞቱም ይረዝማል። ምሳ ሰዓቴን ግማሹን ሞቼ ነው ያሳለፍኩት። ቁልፍ ሰፊዋ ምሳዋን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። (ቁልፍ ሰፊዋ ማለት የተበጠሰ ቁልፍ የምትተክለው ናት፣ ካጠገቤ ነው የምትሠራው፣ አፏ እንደ መርፌዋ ነው።)

"ምነው ዛሬ አኮረፍሽ?" አለችኝ።

"ሞቼ ነው።"

"ነፍስ ይማር። ሳትበዪ ነው የሞትሽው፣ እንኪ ጉረሺ።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ወንድሜ ቪዲዮ ላከልኝ። ሐኪሟን እንዴት እንደሚጫወቷት የሚያስተምር። አንድ ሰውዬ ቶሎ ቶሎ ያወራል፣ በማላውቀው ቋንቋ። ሦስት ጊዜ አየሁት። ጨዋታ ለመጫወት ትምህርት? እኔ ከትምህርት ሸሽቼ አይደል እንዴ ካውያ የያዝኩት።

አየሁት ግን። ለሱ ብዬ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ሸሚዝ አቃጠልኩ።

ከምሳ ገብቼ ነው። አለቃ "ጣቷ ላይ ሙጫ አለ መሰለኝ" ብሎ ሌሎቹ ሲስቁ... እሱን እያሰብኩ ካውያውን ኮሌታው ላይ ረሳሁት። ሽታው መጣ። ነጭ ኮሌታ ላይ ቡናማ የካውያ ጫፍ ቁጭ አለ። የላውንደሪው ባለቤት፣ እትዬ፣ መጡ። ጮኸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሸሚዙን አነሱና አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"አንቺ እኮ አቃጥለሽ አታውቂም።"

"ይቅርታ እትዬ።"

"ያመመሽ ነገር አለ?"

የለም አልኩ። ምን ልበላቸው? በስልክ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ተቆጣኝ ልበል? "ሁለተኛ ከተደገመ ከካውያ አነሳሻለሁ" አሉኝ። ማታ ሲበሉ ሲጠጡ እንኳ የሚያስቡኝ መሰለኝ። አክስቴ ምን ሆነሽ አለችኝ፣ ራሴን አሞኛል አልኩ።

መተው አለብኝ? ከተውኩት ምሳ ሰዓት ማንን አገኛለሁ? ስልክ ላይ ደህና ነኝ ደህና ነሽ ነው... ወገቡንስ ማን ይጠይቀዋል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬ ወርቅ የሚገቡበት ጨዋታ ነበር። አንድ ማሸነፍ ብቻ ነው የቀረን።

ተሸነፍን። በኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ሰንጠረዥ ይወጣል፣ ማን ምን እንደሠራ። አለቃ እሱን አየ። ከዚያ "ኧረ ኑ እዩ ጉድ" አለ። "ይቺ ልጅ ብርሃኗን ሁሉ የረጨችው ጋሻ ለያዘው ብቻ ነው። ለኔ ዜሮ። ለሱም ዜሮ፣ ለዚያኛውም ዜሮ። እኛ ስንሞት ቆማ ስታየን ነበር!"

እውነቱን ነው። እኔ አላወቅኩም ነበር። ለካ እስከዛሬ ሌሎቹን አይቻቸውም አላውቅ። ዓይኔ ጋሻው ላይ ነው። እሱ ሲወድቅ ማየት አልችልም፣ ጌም እንደሆነ እያወቅኩ፣ ስልኩ ውስጥ ጭረት ሲነካው ጣቴ ወደሱ ይሮጣል።

"አንተ፣ ይቺ ሞግዚትህ ናት እንዴ?" አለው አለቃ። "ጡጦም ታጠጣሃለች?" ሁሉም ሳቁ።

ወንድሜም ሳቀ።

ሳቁን አውቀዋለሁ፣ ሲያፍር የሚስቀው ነው። ግን ሳቀ። "እህቴ ናት" አላለም። ለካ አልነገራቸውም። ማይኬን ዘጋሁ። ማድረቂያው ይሽከረከራል፣ አንሶላው ከመስተዋቱ ጋ እየተላጋ... እሱን እያየሁ ምሳ ሰዓቱ አለቀ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

በስልክ ደወለልኝ። በሥራ ቀን፣ በቀትር።

"ተቀየምሽኝ?"

"አልተቀየምኩም።"

"እህቴ ናት ብላቸው ያወሩብሻል ብዬ ነው። ወንዶች ብቻ ነን እዚህ፣ አታውቂያቸውም።"

"እሺ።"

"ለጥቂት ጊዜ... ብታርፊስ? ወርቅ እስክንገባ። ከዚያ ድሮ እንደነበረው ድልድዩ ስር..."

እሺ አልኩት። እሺ ማለት ይቀናኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ምሳ ሰዓት ምን ይሠራበታል? ድሮ ምን አደርግ ነበር? ቁጭ ብዬ ቁልፍ ሰፊዋን አያለሁ። ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች።

"ያን ነገር ተውሽው?" አለችኝ።

"ተውኩት።"

"ስለተሸነፍሽ?"

ስለተሸነፍኩ አይደለም እኮ። ድሮም እሸነፍ ነበር፣ ከማንም በላይ ተሸንፌያለሁ፣ ተሸንፌ እስቅ ነበር። አሁን ግን ስሸነፍ አራት ሰው ይዤ ነው የምወድቀው። ድሮ ጥፋት የሚባል ነገር አልነበረም፣ አሁን ሰንጠረዥ አለ። እነሱ ሊያሸንፉ ይገባሉ። እኔ ልገኝ ነበር የምገባው። ይሄን እንዴት እንደምላት ጠፋኝና "ፈራሁ" አልኳት።

እስክትስቅብኝ ጠበቅኩ። አልሳቀችም።

"እኔም ድሮ ፋብሪካ ስሠራ መረብ ኳስ እንጫወት ነበር፣ ሴቶቹ፣ ጫማችንን አውልቀን። ኳሱ ጣራ ላይ ሲወጣ ሞተን ነበር የምንስቀው። ከዚያ አንድ የፋብሪካው ኃላፊ አየንና ቡድን እናቋቁም አለ። ማሊያ መጣ፣ ፊሽካ መጣ። እኔ አጭር ነኝ ታዪኛለሽ። ማሊያዋን አንድ ቀን ለብሼ መለስኩላቸው።"

"ይቆጭሻል?"

"ኳሱ አይቆጨኝም። ጣራው ላይ ሲወጣ የነበረው ሳቅ ነው እንጂ..." ክሩን በጠሰች። "ነይ ይሄን ሱሪ ያዢልኝ።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ብቻዬን ገባሁ። መለማመጃ የሚባል ቦታ አለ፣ ሰው የሌለበት። ጠላቶቹ ማሽን ናቸው፣ አይሳደቡም። ድልድዩ ስር ሄድኩ። ወንዙ እንደድሮው ይፈሳል። ሸምበቆው ይወዛወዛል። ሐኪሟ ቆማለች፣ እጇን ታንቀሳቅሳለች፣ የምትረጭለት ሰው የለም። "ከኋላህ ነኝ" አልኩ ቀስ ብዬ። ለማን?

አረንጓዴዋ ነጥብ በርታለች። "ጨዋታ ላይ" ይላል ከሥሯ። እኔ በሌለሁበት ይጫወታል። ይሁን። ጤነኛ ነው ማለት ነው። ካርቶኑን አንስቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ቁጭ ብሏል ማለት ነው። በየቀኑ ነጥቧን አያትና እዘጋለሁ። ለኔ ይበቃል...

አይበቃም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ወርቅ ገቡ። አክስቴ ጋ ሲደውል ሰማሁ፣ "እንኳን ደስ ያለህ" ትለዋለች፣ እውነተኛ ወርቅ መስሏታል። "አንገትህ ላይ እንዳታደርገው፣ ይሰርቁሃል" አለችው። ሳቅኩ፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ።

ድልድዩን አላነሳውም። እኔም አላነሳሁበትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ነጥቧ ጠፍታለች። ትናንትም አልበራችም። ከትናንት ወዲያም።

ደወልኩ። አይጠራም። አክስቴ "ሥራ በዝቶበት ነው፣ አንቺ ደግሞ ፈሪ ነሽ፣ ጥላሽን ትሸሻለሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ፈሪ ነኝ። ግን ወገቡን እሷ አታውቅም። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ለአክስቴ እንዳትነግሪ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

አልበራችም። አይጠራም። ዛሬ አንዱን ሸሚዝ ሁለቴ ተኮስኩት፣ ሁለተኛውን ሳልተኩስ ሰቀልኩት። ቁልፍ ሰፊዋ ሳትናገር አውርዳ ሰጠችኝ፣ እትዬ ሳያዩ።

ማንን ልጠይቅ? የመጋዘኑን ስልክ አላውቅ። የሚኖርበትን አላውቅ። አብረውት የሚያድሩት ልጆች... ከነሱ የማውቀው አንድ ድምፅ ነው። ነጥቡ በርቷል። አለቃ።

አልችልም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

አደረግኩት።

ምሳ ሰዓት ከማድረቂያው ጀርባ ሄድኩ። የአለቃን ስም ነካሁ፣ ጥሪ ላክሁ። ወዲያው ገባ። ማይኬን ከፈትኩ።

"ማነው?"

ዝም።

"ሐኪሟ ነሽ እንዴ? ኧረ! ምነው ጠፋሽ፣ አኮረፍሽ?" እየሳቀ።

ልዘጋው ነበር። እውነቴን ነው፣ ጣቴ ላዩ ላይ ነበር። ከዚያ ከአፌ የወጣው፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "እህቱ ነኝ።"

"የማን?"

"የጋሻው። እህቱ ነኝ። ወንድሜ የት ነው?"

ከበስተጀርባው በር ሲዘጋ፣ የሆነ ሰው ሲያስል ይሰማኛል።

"እህቱ ነሽ?" አለ። ድምፁ ወረደ። ልጅ ነው ለካ! ከኔም ሳያንስ አይቀርም። "ለምን አልነገረንም ይሄ ውሻ? እኔ ያን ሁሉ... እናቴ ብትሰማኝ በጥፊ ነበር የምትለኝ።"

"ደህና ነው?"

"አልሞተም፣ አልሞተም፣ አይዞሽ። እሁድ ካርቶን ይዞ ቀና ሲል ወገቡ ያዘውና ወደቀ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ተሰባበረ። በኔ ስልክ ደውል ብለው እምቢ አለ፣ ሲያወራ ያቃስታላ፣ እንዳትሰሙ ፈርቶ። ሐኪም አይቶታል፣ ተኝተህ ዳን ነው ያለው። እኔ ነኝ ሽንት ቤት የምወስደው። አልጋዬንም ለቅቄለታለሁ፣ የሱ ላይኛው ነው መውጣት አይችልም።"

ማድረቂያው ላይ ተደገፍኩ። ይሞቃል።

"ቆይ ልስጥሽ" አለ። የእግር ድምፅ። ሹክሹክታ። "ተነሳ አንተ፣ አይ አትነሳ፣ ያዝ፣ ሰው ይፈልግሃል።" ከዚያ ትንፋሽ። አወቅኩት፣ ትንፋሹን።

"የት ነሽ እታለም?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። አፌ ግን አልከፈት አለ፣ አለቀስኩ ብቻ። እሱም ምንም አላለም። ስልክ ላይ ዝም የምንለው ወሬ ሲያልቅብን ነበር፣ እንደዚያ ግን ዝም ብለን አናውቅም። ድልድዩ ስር ብቻ ነው እንደዚያ ዝም የምንለው።

አርብ፣ ኅዳር 27

ለአክስቴ ነገርኳት። እንዳትነግሪ ያለኝን። ጮኸች፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ እኔን ሰደበች፣ እሱን ሰደበች፣ ከዚያ "ወገቡን በምን ያሹታል? ጠይቂያቸው!" አለች። አልፈራኋትም። አይ፣ ፈራኋት፣ ግን ነገርኳት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

አለቃ ምሳ ሰዓት ስልኩን ወንድሜ ትራስ ላይ ያስቀምጥለትና ይወጣል። "ሐኪሟ መጣች" ይለዋል። አሁንም ያው ነው፣ ይጮሃል፣ ግን ጆሮዬ ለመደው መሰለኝ።

ወርቁ ወርዷል አሉ፣ ሳይጫወቱ ሲቀሩ ይወርዳል። ወንድሜ "አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እኮ መጀመሪያ የምሞተው እኔ ነበርኩ" አለኝ። እየሳቀ፣ ወገቡን እየያዘ። "ድልድዩ ስር ልወስድሽ ነበር። ነገ ነገ ስል..."

"አውቃለሁ።"

"ስነሳ እንሂድ?"

ይናፍቀኛል፣ እንዴት እንደሚናፍቀኝ። ሸምበቆው፣ ያ ወንዝ። ግን ስልኩን ስከፍት ጣቴ የጌሙ ምልክት ላይ አይሄድልኝም። እንጃ ወንድሜ፣ አልኩት። እሺ አላልኩም። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ዛሬ ሥራ በዝቶ ምሳ አልወጣንም። ፈርቼ ፈርቼ እትዬን ጠየቅኳቸው፣ ወንድሜ ሰው አገር ታሞ ተኝቷል፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ብተኩስ? አልኳቸው። አዩኝ። "ሸሚዝ ታቃጥያለሽ?" "አላቃጥልም።" "ድምፁን ለኔ እንዳታሰሚኝ፣ ራሴን ያመኛል" አሉና ሄዱ። ቁልፍ ሰፊዋ ጠቀሰችኝ።

በአለቃ ስልክ ደወልኩ። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። አንቺስ? ደህና። ከዚያ እንደድሮው ዝም ሊል ሲል ካውያውን አነሳሁ። እንፋሎቱ ፍሽሽ አለ።

"ምንድነው እሱ?"

"ካውያው ነው።"

"የት ነሽ አሁን?"

"ኮሌታው ላይ።"

"ከዚያስ?"

"ትከሻው። አሁን እየዞርኩ ነው... የእጅጌው ጫፍ ላይ ደረስኩ። ሽብሽብ አለው፣ አስቸጋሪ ቦታ ነው።"

"ቀስ በይ።"

ቀስ አልኩ። እንፋሎቱ ፊቴ ላይ። እጅጌውን ዘረጋሁ። ከወዲያ አልጋው ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፣ ሊዞር ሲሞክር፣ ሲያቃስት። ዛሬ አልደበቀኝም።

"ያምሃል?"

"ያመኛል" አለ። በስልክ ላይ። "አንቺ ግን ቀጥይ። ከኋላሽ ነኝ።"